መርፌው ያወጣው

የጃልን ጭን መጀመሪያ ያስነካችኝ እናቱ፣ ልጄ አልማዜ ናት። ሐምሌ ነበር፣ ባሮ ሞልቶ የአሣ አጥማጆቹን ጀልባዎች እስከ መንገዱ ድረስ ያስጠጋበት ሰሞን። “እሙዬ፣ እስቲ እዚህ ጋ ንኪው” አለችኝ። ነካሁት። ከቆዳው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘሁ። ጫን ስለው ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ እናቴን የቀበርኳት በጡት ዕጢ ነው። አልማዜም ይህን ከልጅነቷ ስትሰማ ያደገች ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጃል አንድ ያለኝ የልጅ ልጄ ነው። አባቱ ጎኝ የኑዌር ሰው፣ መምህር ነበር፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወባ ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ ያሳደግነው እኔና አልማዜ ነን፤ እሷ በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት፣ እኔ ገበያ ዳር ባለችው የስፌት መኪናዬ። አባቱን መስሎ ረዘመና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የቤታችንን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እንዲህ ከሩቅ የሚታይ ልጅ በዚያ ዘመን ምን መደበቂያ ነበረው? ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ስም ቀበሌው በር ላይ ሲለጠፍ የሱ ስምንተኛ ላይ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና ራሴ አነበብኩት፤ አላምን ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

እብጠቱ የታየው ስሙ በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኔ ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣም ብዬ አለፍኩት።

ሮጬ የሄድኩት ተክሌ ጋ ነው። ተክሌ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነው። ከደጋ ተመድቦ ሲመጣ ቤት እስኪያገኝ ስምንት ወር የከረመው እኛ ጋ ነው። ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ የሄደለት ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አበልጄ ነው እንግዲህ፤ ከሥጋ ዘመድ የሚበልጥ። መጥቶ ጭኑን ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። “ይህ ዓይነቱ በብረት ከተነካ ይቆጣል፣ እሙዬ። ቢላዋም መርፌም እንዳያስነኩት” አለኝ። እኛ አገርም የሚባለው ይኸው ነው። እናቴን አንድ ወጌሻ በምላጭ ነካክቷት ወር አልቆየችም። ስለዚህ አመንኩት። የጤና ሰው ከአያቶቼ ጋር አንድ ነገር ሲናገር እንዴት አላምን?

ከዚያ አልማዜ ቀበሌ ሄጄ እንድለምን አግባባችኝ። እሷ ብትሄድ እናት ናት፣ ልጇን ለማስቀረት ነው እንደሚሏት፣ የኔ ሽበት ግን እንደሚከበር ነገረችኝ። ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ቁጥር መሙላት ግን ነበረበት። ፊቱ ቆሜ ስለ እናቴ ነገርኩት፤ ስለ ሽታው፣ በመጨረሻ ቀኖቿ እኔን እንኳ አለማወቋን።  አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ፣ ንፍጤን በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ አምስት ኮሚቴ ፊት። አንደኛው ኮሚቴ ተነስቶ ወንበር አመጣልኝ። ተክሌ የጻፈውን የጤና ጣቢያ ወረቀት ወልደሥላሴ ሳያነበው ወደ ጎን አድርጎ፣ “የኒህ እናት እንባ ይበቃኛል” አለ። ጃል ለስድስት ወር እንዲቆይ ተፈቀደለት።

ቁጥሩ ግን መሙላት አለበት። በጃል ቦታ የሄደው ኩዌት ነው፣ የጎረቤታችን የኛኪየር ልጅ። ኛኪየር ወንዙ ዳር አሣ ትሸጣለች። ልጇን የጫነው መኪና በሄደ በማግስቱ ቤቴ መጣች። እኔ ላጽናናት ስነሳ እሷ ቀደመችኝና እጄን ያዘች። “የኔ ልጅ በእግሩ ሄዷል፣ በእግሩ ይመጣል። ያንቺ ልጅ ግን...” ብላ ተወችው። በቅጠል የጠቀለለችውን አሣ ለጃል ብላ አስቀምጣልኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አሣ ይመጣ ነበር። እምቢ ብላት ትቆጣለች።

እነዚያን ስድስት ወሮች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ ሥራ አላውቅምና እብጠቱን በልብስ መለኪያ ሜትሬ እለካው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጃልን አስተኝቼ፣ ከወዲህ ወዲያ ለክቼ፣ ቁጥሩን በልብስ መቁረጫ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። ነሐሴ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ጥቅምት ላይ ስድስት ተኩል፣ ታኅሣሥ ስምንት። ቆዳው ቀላ፣ ሞቀ። ልጁ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትት ጀመር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም። የረቡዕና የዓርብ ጾም አልበቃ ብሎኝ ሌላ ቀን ጨመርኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ሳላስበው እንባዬ ጨርቅ ላይ ይንጠባጠባል። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ የሚሰማኝን ሁሉ ስነግር ከረምኩ። አንዳንዴ አልማዜ ቀና ብላ ታየኝና ዓይኗን ትሰብራለች። ለልጇ አዝና ነው እል ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ኛኮንግ የምትባል ነርስ ሽርጥ ልታሰፋ መጣች። ኢታንግ ባለው የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ነው የምትሠራው። እንደ ልማዴ ስለ ጃል ነገርኳት። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ግን ይገባል።

“እማማ፣ ፈረንጅ ዶክተር መጥቷል። መኪና አለው፣ ሥጋ ውስጥ ያያል። አልትራሳውንድ ይባላል። መርፌ ሲገባ በመስታወቱ እያየ ነው። ትንሽ ይወስዳል፣ ምን እንደሆነ ያውቃል።”

“ብረት ከነካው አይቆጣም?”

ሳቀች። “ዕጢ ምን ጆሮ አለው? ሳያዩ መውጋት ነው መጥፎ። እሱ እያየ ነው።”

ያንን አባባሏን ሦስት ቀን አመነዠክሁት። ስፌት የማውቅ ሰው ነኝ፤ በጨለማ የተወጋና በብርሃን የተወጋ አንድ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቤት ስናገር አልማዜ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ፈረንጆቹ በስደተኛ ላይ ነው የሚለማመዱት አለች። ተክሌ በዚያው ዕለት ከሥራ ሲወጣ መጣ። እሱ እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ልጁን ልገድለው እንደሆነ፣ እሱ የስንት ዓመት የጤና ባለሙያ ሆኖ የአንዲት ስደተኛ ነርስ ወሬ እንደበለጠበት ተናገረ። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ስለሚወደን ነው ብዬ ሲወጣ መረቅሁት።

ጃል ግን ቅዳሜ ጠዋት ስለካው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ “እሙዬ፣ ያ ዶክተር ሊያወጣው ይችላል?” አለኝ። ፊቱ ላብ ነበር። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ለውትድርና የደረሰ ወጣት ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ስለዚህ ሰኞ ወደ ጓድ ወልደሥላሴ ሄድኩና ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ስለ መኪናው፣ ስለ መርፌው። እንዲያውም አመሰገነኝ። የስድስት ወሩ ቀጠሮ ሊያልቅ ስለሆነ ማስረጃ እንደሚያስፈልገው፣ ጥሩ እንዳሰብኩ ነገረኝ። ይለፉ ላይ በራሱ እጅ፣ ‘ማኅተም ያለበት የሐኪም ውጤት ይዘው እንዲቀርቡ’ ብሎ ጨመረበት። አመስግኜ ወጣሁ። ምን የሚያስፈራ ነገር ነበረኝ?

አልማዜ ሥራ ከሄደች በኋላ፣ እህል አራግፎ በሚመለስ የርዳታ መኪና ላይ ተሳፈርን። ጋቢናው ውስጥ ጃል እግሩን መዘርጋት አልቻለም። በየጉድጓዱ እኔ ጭኑን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩለት። ልጁ ኢታንግ እስክንደርስ አንድም ቃል አልተናገረም። ፍርሃት ነው አልኩ። እንደ እናቴ ዓይነት ዜና ይዤ ብመለስ ለአልማዜ እንዴት እንደምነግራት ነበር እኔ የማስበው።

ክሊኒኩ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ውጭ ጄኔሬተር ይጮሃል። ዶክተሩ ጢማም፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ፊቱን ፀሐይ ያቀላው ሰው። ሥጋ ውስጥ የሚያየው መኪናው ሻንጣ ቢጤ ነው፣ ከላዩ ትንሽ ቴሌቪዥን አለችው። ጃልን አስተኙትና ጭኑ ላይ ቀዝቃዛ፣ ዝልግልግ ነገር ቀቡት። ዶክተሩ መላጫ የመሰለ ዕቃ በላዩ ሲያንሸራትት መስታወቱ ላይ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሥጋው መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ሲነግሩኝ ገባኝ። እብጠቱ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ መስመሩ ጠፋና ጉም የሸፈነው ሆነ። ዶክተሩ እዚያው ላይ ቆመ። ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ ለኛኮንግ አንድ ነገር አላት።

“እዚህ መርፌ ተወግተሃል ወይ ይላል።”

ጃል አልተወጋሁም አለ። እኔም አልተወጋም አልኩ። ስል አላፈርኩም፣ እውነቴን ነው።

ማደንዘዣ ሰጡት። እጁን ያዝኩለት። ዶክተሩ በአንድ እጁ ያንን ዕቃ፣ በሌላው ረጅም መርፌ ያዘ። መስታወቱ ላይ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ከጥግ ገባና በሥጋው መሐል ቀስ እያለ ሄደ፤ ጉሙ ዳር ሲደርስ ቆመ፣ ትንሽ ዞረ፣ ገባ።  በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። ሰውየው አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልሳተም።

ሲስበው ደም ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ቢጫ ነው። ዶክተሩ ጠብታዋን ብርጭቆ ላይ አስቀምጦ በሌላ ብርጭቆ ሊያሰራጫት ሞከረ። አልሰራጭ አለች፤ እየተንሸራተተች ክብ ክብ ሆነች። በጓንቱ ጣቶች መሐል አሸት አሸት አደረገና ወደ ብርሃኑ አቀረባት። ከዚያ ቀና ብሎ ጃልን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። በሌላ እጄ የኛኮንግን ክንድ ያዝኩ።

“ምን አለ?” አልኳት። “ነቀርሳ ነው?”

“አይደለም እማማ። ዕጢም አይደለም። ዘይት ነው።”

“የምን ዘይት?”

“የምግብ ዘይት። አንድ ሰው ሥጋው ውስጥ አስገብቷል። ሰውነቱ ተቆጥቶ ከቦ ያዘው።”

ጃል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጁ ግን አሁንም እጄ ውስጥ ነበረ። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ነቀርሳ አይደለም ማለቷ ብቻ ነው የገባኝ። ሌላው ቀስ ብሎ መጣ።

“ማነው?” አልኩት።

“ጋሽ ተክሌ ነው የወጋኝ። እማዬ እግሬን ይዛ።”

“እኔ የት ነበርኩ?”

“ቤተ ክርስቲያን። ስሜ ስለተለጠፈ ልትጸልዪልኝ ሄደሽ።”

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅሁት። ልጁ እያለቀሰ ነበር፤ ያንን ረጅም ሰውነት እንደ ሕፃን አጥፎ።

“ካወቅሽ ማልቀስ አትችዪም አሉ። አንቺ መዋሸት አታውቂም። ስታለቅሺ ግን ሰው ሁሉ ያምንሻል አሉ።”

ዶክተሩ የሚጽፈውን ጻፈ። ሌላ ነገር እንዲጽፍ ኛኮንግን ልለምናት ስል ሳልጨርስ ገባትና ጠየቀችው። ያየሁትን ነው የምጽፈው እንዳለ ነገረችኝ። ዘይቱ እየተሰራጨ ስለሆነ በየካቲት ተቀድዶ መውጣት እንዳለበት፣ ከወጣ ግን እግሩ እንደሚድን አስረዳችኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ማኅተም መታበት። አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። በመኪናው ስንመለስ የጃልን ጭን አልደገፍኩለትም። እሱም አልለመነኝም።

አልማዜና ተክሌ ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ፊቴን ሲያዩ አወቁ። ተክሌ ንጹሕ ዘይት እንደሆነ፣ በሁለት ወር ይጠፋል ብሎ እንደገመተ፣ ሌላ መላ እንዳጣ ማስረዳት ጀመረ። እሙዬ፣ እሙዬ ይለኛል በየመሐሉ።  አልማዜ ግን አንገቷን አልደፋችም።

“ምን ላድርግ ነበር? አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ልጄን ለጥይት ልስጥ?”

“ከኔ ጋር ብትማከሪስ?”

“ብነግርሽ በማግስቱ ፊትሽ ላይ ይነበባል። እናቴ ነሽ፣ አውቅሻለሁ።”

“የእናቴን ሞት አውጥተሽ ሰጠሽብኝ” አልኳት። “ስድስት ወር ሙሉ ያንን ልጅ በየቀኑ ስቀብረው አይተሽ ቡና ጠጥተሽ ሥራ ትሄጂያለሽ።”

  እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ልጁን ለጥይት አልሰጥም ነበር። ብትጠይቀኝ እግሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የከነከነኝ እሱ ነው። አልጠየቁኝም። የሚያስፈልጋቸው እንባዬ ነበር፣ እኔን ትተው እሱን ወሰዱ። ኩዌትን ስጠራባቸው ደግሞ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። የኛኪየርን አሣ ስድስት ወር እየጠበሰች ያቀረበችልን አልማዜ ናት።

ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። ወረቀቱን እናቃጥለው አለች አልማዜ። ወልደሥላሴ ማኅተም ብሎ ጽፏል፤ ወረቀት ይዤ ካልቀረብኩ ራሱ ኢታንግ ሰው ይልካል። ተክሌ ሌላ ልጻፍልዎት አለ። እጅህ የነካውን አልይዝም አልኩት። እውነቱ ቢታወቅ ጃልን ወደ ግንባር ብቻ አይደለም የሚወስዱት፤ መጀመሪያ ወኅኒ ነው፣ ተክሌና አልማዜም አብረው። ስለዚህ ያንኑ የፈረንጁን ወረቀት ይዤ፣ ማንም እንግሊዝኛ አያነብም ብዬ በአምላክ ተማምኜ ሄድኩ። አልማዜ ጎኔ ቆመች።

ጓድ ወልደሥላሴ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ማኅተሙን አየ፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ሁለት ቃል ለማንበብ ሲሞክር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። 

“የሐኪም ጽሑፍ መቼ ይነበባል” አለና መነጽሩን አወለቀ። “እርስዎ ይንገሩኝ። ምን ተገኘ?”

“ነቀርሳ ነው” አልኩ። ድምፄ የደረቀ ነበር። ላለማልቀስ ምዬ ነው የወጣሁት፤ እንባዬን ዳግመኛ ለማንም አልሰጥም ብዬ። ወልደሥላሴ ብዕሩን አስቀመጠ። ባለፈው ያየው ሰው እኔ አልመስል ብዬው ይሆናል፤ አየት አደረገኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እኔን። ኮሚቴዎቹም ቀና አሉ። አልማዜ ክንዴን ያዘች።

ከዚያ ሰውየው አዘነልኝ መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አይዞዎት እናቴ። እግዜር ሲያስጨንቅ ሰው ይሰጣል። ይኸው ልጅዎ ከጎንዎ አለች፤ አበልጅዎም የጤና ሰው ነው። ብቻዎን አይደሉም” አለኝ።

ያኔ ተሸነፍኩ። ልቅሶው ከሆዴ ሥር መጣ፤ ልይዘው ብል አልያዝ አለኝ። ከሐምሌው የባሰ ነበር፤ ሁለት ኮሚቴ ደገፉኝ። ወልደሥላሴ ዓይኑን ጠረገ። ጃል ለዘለቄታው የተሰናበተ መሆኑን ጽፎ ፈረመ፣ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ አሰረው። እዚያ ነው ያለው፤ አንድ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው እስኪከፍተው።

ከበሩ ስንወጣ አልማዜ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ “ሠራሽው፣ እሙዬ” አለችኝ። ትወና መስሏት ነው። ዞሬ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ዕረፍት ብቻ ነበር። እጇን ከክንዴ አነሳሁት። እሷም ጃልን ልታበሥር ቀድማ ሄደች።

ኛኪየር ከቀበሌው ግንብ ሥር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ ቀጠሮዬን ታውቃለች፣ ያኔ የማልነግራት ነገር አልነበረኝም። ከልጇ ከኩዌት ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ፊቴን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ በገዛ ልብሷ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። ከዚያ መርፌው ምን እንዳወጣ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ያልነገርኳት አንድ ቀን እንኳ የለም። አፌን ከፈትኩ። ከነገርኳት ልጇን ትጠይቀኛለች፤ ልጇን ከጠየቀችኝ ቀበሌው በሩ ክፍት ነው፣ ጃል ደግሞ ቤት ነው። ለወልደሥላሴ የነገርኩትን ነገርኳት።

ክንዴን ይዛ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ። ረቡዕ ዕለት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ተሰብስበው ለጃል እንደሚጾሙ፣ እሷም አሣ እንደማትሸጥ ነገረችኝ።

እሺ አልኳት።